በሁዳዴ የፈረድሁበት ጨዋታ

ባለፈው ሳምንት የጡረታ ደብተሬን ኮፒ ላስደርግ እንጅባራ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ የጋለ አቧራ ሸተተኝ። ከጥጉ አንድ ጀርባው የሰፋ የድሮ ኮምፒውተር በርቶ ነበር። የዚያ ዓይነት ማሽን ሲግል ውስጡ የተኛው አቧራ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የማታውቁት ካላችሁ አልፏችኋል። ባለቤቷ "ጋሼ፣ ሽታው ከረበሽዎት በሩን ልክፈተው?" አለችኝ። "ተይው" አልኋትና እንደ ሽቶ እየሳብሁት ቆምሁ። አጠገቤ የቆመው ጎልማሳ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከረሜላ ይደረድራል። ሦስት ከረሜላ ሲገጥምለት ይፈነዳል፤ ስልኩ ያሞግሰዋል። ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል፤ እሱንም አፉን ከፍቶ ያያል። መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "መጨረሻ የለውም ጋሼ፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል" አለኝ፣ ይኼንንም እንደ ሙያ ቆጥሮት። ከእግር እስከ ራሱ አየሁትና ናቅሁት። ንቀት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ዘመን እንጀራዬ እሱ ነበር።

ያኔ ዳንግላ ነበርሁ። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልነግራችሁም፤ በሻይ ልንገራችሁ። ሻይ ሁለት ብር ነበር፣ ቦንቦሊኖውም እንደዚያው። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በጋሪ ትሄዳላችሁ፤ ባጃጅ መጥቶ ነበር፣ ግን ትልልቅ ሰዎች "ይኼ ነገር ሲገለበጥ ማን ያነሣዋል?" እያሉ አይሳፈሩበትም። ጎረምሳው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ኪስ የተለጠፈበት ሱሪ ይለብሳል፤ ኪሱ ውስጥ ግን ምንም የለም። ጥሩ ሞባይል የሚባለው ባትሪ የሚያበራው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት አንዲት ዘፈን ይዞ ክረምቱን ሙሉ ያደነቁረን ነበር፤ ሴትዮዋ "ና፣ ና" እያለች የምትጠራው ሰው መስከረም እስኪጠባ አልመጣላትም። እኔም በዚያ ሰውዬ አልፈርድበትም፤ በዚያ ድምፅ ብጠራ አልመጣም ነበር።

ከመሥሪያ ቤት በፈቃዴ ወጥቼ ከልብስ ሰፊው ከይርሳው ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁና አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደርድሬ ጌም ቤት ከፈትሁ። ትልልቆቹ ጨዋታዎች የእኔን ማሽኖች አይወዱም ነበር፤ ገና ሲጫኑ ማሽኑ እንደ ደከመ የጋሪ ፈረስ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የተረፉኝ ትንንሾቹ ናቸው፤ ውጭ አገር አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ጓዳው ተቀምጦ የሚሠራቸው፣ በርካሽ የሚሸጡ፣ በአሥርና በሃያ ደቂቃ የሚያልቁ። ከባሕር ዳር በፍላሽ ይመጡልኛል። ለሠሪዎቹ ሳንቲም ከፍለን አናውቅም፤ ይኼም ንቀታችንን አልቀነሰውም። ጌም ቤቱ ለመናኸሪያው ቅርብ ስለነበር ደንበኞቼ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጸሐፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ ለሕክምና የመጡ ገበሬዎች፣ አንዳንዴም ራሳቸው ሾፌሮቹ። ረዳቱ "እንጅባራ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!" ብሎ ሲጮህ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። እና የእኔ የመጀመሪያው መመዘኛ ይኼ ነበር፤ አንድ ጨዋታ ሚኒባሱ ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ያላለቀ ጨዋታ ይዞ የተሳፈረ ሰው እስከ እንጅባራ ድረስ ሲነጫነጭ ይሄዳል፤ አንዱ እንዲያውም ከመንገድ ወርዶ ተመልሶብኛል።

ማንኛውንም ጨዋታ እኔ ሳልፈርድበት ማሽን ላይ አልጭንም ነበር። ፍርዴን በካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ በሩ ላይ እሰቅላለሁ። አሁን ሳስበው ጌም ቤቱ ታዋቂ የሆነው በጨዋታዎቹ ሳይሆን በካርቶኖቹ ነው፤ መጫወት የማይፈልግ ሰው ሁሉ ቆሞ አንብቦ ስቆ ይሄድ ነበር። አንዱ ላይ "ሰውዬው ይዘላል። ለምን እንደሚዘል አልተነገረንም፤ ብንጠይቀውም ይዘላል" ብዬ ጻፍሁ። አንድ ጨዋታ ደግሞ ነበር፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ ብቸኛ ሰው፣ የማያባራ ዝናብ። ሠሪው እንድናዝን ፈልጎ ነው። "ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ነሐሴ ይበቃል" አልሁ። ዶሮ የሚያሳድደውን "እውነተኛዋን ብታሳድዱ እስከ አሁን ወጥ ደርሶ ነበር" አልሁት። ይርሳው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ "አንዳርጌ፣ አንተን ምላስህ ነው ያኖረህ" ይለኝ ነበር። ደስ ይለኛል። ሰው ሲናቅ ማየት የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ተረድቼዋለሁ፣ ዛሬም ያው ነው። ዛሬማ ጌም ቤቱ የነበረበት ቦታ የኳስ ውርርድ ቤት ሆኗል ይባላል። ሰው የማያውቀው አገር ኳስ ላይ ቆሞ ይጮሃል። የእኔ ዶሮ ይሻል ነበር።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረን። ይርሳው በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር፤ ቤቱም የእሱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በግቢው ሙዚቃ አይሰማም። ቅበላ ዕለት ድምፅ ማጉያዎቹን ከነሽቦአቸው ነቅዬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ከክሩና ከቁልፉ ጋር መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍባቸውና እስከ ፋሲካ አያወጣቸውም። "ጆሮ ውስጥ የሚገባውስ?" ብየው ነበር በመጀመሪያው ዓመት። "ጆሮም ይጾማል" አለኝ፤ አለቀ። ስለዚህ ያን ሁሉ ሳምንት ጌም ቤቱ የመቃብር ያህል ጸጥ ይላል፤ የቁልፍ ኳኳታ ብቻ። ጨዋታዎቹንም በዚያው ጸጥታ እፈርድባቸው ነበር። የሚጎድል ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘፈናቸውን ምን ልሠራው?

ስመኝ የምትባል የኮምፒውተር መምህርት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ከጥርባ አካባቢ የመጣች፣ ቤቷ አውንጊ ትምህርት ቤቷ አማርኛ የሆነ ልጅ። ከክፍል ስትወጣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላዋን እንዳጣፋች ትመጣና ከበሩ ርቆ ያለው ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች። ሚኒባስ አትጠብቅም። ይረባል ያልሁትንም አይረባም ያልሁትንም ጨርሳ ነው የምትነሣ። ከዚያ ካርቶኔን ታነብና ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን አንድ ነገር ታስከትላለች።

"ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው አልተጫወቱትም አይደል?"

"የማይረባ ነገር መጨረሻው ምን ሊሆን ኖሯል?" እላታለሁ።

"እሱን እኮ ነው የምልዎት።"

እወዳት ነበር፤ አልደብቅም። ከከተማው ሁሉ ስለዚህ ነገር በቁም ነገር የምታወራኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ በትንሽ ፌስታል የተጠቀለለ ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከፍላሹ ጋር የጆሮ ማዳመጫ ተጠቅልሏል። "ይቺን ይፍረዱልኝ። እንደ ሌሎቹ ነው፤ እንዳያዝኑላት" አለችኝ። ከየት እንዳመጣቻት ስጠይቃት "ከሰው ነው" አለች። ከዚያ "በገበያ ቀን አባቴ ከጥርባ ይመጣል። እሱ እንዲጫወታት ፈልጌ ነው። የትምህርት ቤቱ ላይ አይፈቀድልኝም፤ እርስዎ ጋር ብትጫንልኝ" አለችኝ።

"አባትሽ ኮምፒውተር ያውቃሉ?"

"ኮምፒውተር አያውቅም። ይቺን ግን ያውቃታል።"

ሳቅሁ። ገበሬ ሽማግሌ ጌም ቤቴ ገብቶ ሲጫወት ታየኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን ፊቷ ቀልቷል። ያን ያህል የፈለገችውን ነገር ስትጠይቀኝ አይቻት አላውቅም ነበር። እና ይኼን ሁሉ አይቼ ምን አደረግሁ? ማዳመጫውን "ጾም አይደለም እንዴ?" ብዬ በፌስታሉ መልሼ ጠቀለልሁትና ፍላሹን ብቻ ሰካሁ።

ጨዋታው ተከፈተ። ስክሪኑ ነጭ ነው። ቁልፍ ተጫንሁ፤ ነጭ ነው። ቀኝ ሄድሁ፣ ግራ ሄድሁ፣ መሄዴንም የሚነግረኝ ነገር የለም፤ ያው ነጭ። አልፎ አልፎ ይጠቁርና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለካ እየሞትሁ ነበር፤ በምን እንደምሞት ግን አላውቅም። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልታገሥሁም። ስመኝን ላሳዝን አልፈለግሁም፤ እውነቱን ለመናገር ስመኝ ትዝም አላለችኝ። ትዝ ያለኝ ካርቶኑ ነው። እንዲህ ያለ ለንቀት የተመቸ ነገር አግኝቼ አላውቅም ነበር። እስክሪብቶዬን አንሥቼ "ነጭ። ከዚያ ነጭ። ከዚያ ደግሞ ነጭ። የዚህ ጨዋታ ሠሪ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ዕውር ነው" ብዬ ጻፍሁና ሰቀልሁት። ይርሳው ሲያነበው በሣቅ መርፌው ጠፋበት። ያን ዕለት በራሴ ኮርቼ ነው የዋልሁት።

በገበያው ቀን ከተማው በሰውና በፈረስ ተሞልቶ፣ ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች ከጌም ቤቱ በር ቆመው ካርቶኑን እያነበቡ ይንከተከታሉ። አንድ ጋሪ መጥቶ ቆመ። ስመኝ ወረደችና እጇን ዘረጋች፤ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ፣ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ እጇን ይዘው በጥንቃቄ ወረዱ። እግራቸው መሬቱን እየፈለገ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ሁለቱም ነጭ ናቸው።  ስመኝ ካርቶኑን ቀና ብላ አየችው። አነበበችው። ረዳቶቹ አሁንም ይስቃሉ።

"ምን ተገኝቶ ነው የሚስቁ?" አሉ አባቷ።

"ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ነው የሚለው አባዬ።"

"ወይ ዕድሌ!" አሉ። "እዚህ ድረስ መጥቼ?"

"ይጠግኑት ይሆናል። ሌላ ጊዜ እንመጣለን።"

በሩ ክፍት ስለነበር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አባቷን ወደዚያው ጋሪ መልሳ አሳፈረቻቸውና ሄዱ። እኔ ምን አልሁ? "ሰውዬው አያነቡ፤ ያላነበቡት ነገር አይጎዳቸውም" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዕውር የሚለው ቃል የማን ጆሮ አጠገብ እንዳለፈ ገብቶኛል፤ ጨዋታው የማን እንደሆነ ግን ያን ዕለትም አልገባኝም። የሚንቅ ሰው ቀርፋፋ ነው፤ ይኼን ከራሴ ነው የተማርሁት። ስመኝ ከዚያ በኋላ ጌም ቤቱን አልረገጠችውም።

ፋሲካ አለፈ። ይርሳው መሳቢያውን ከፍቶ ድምፅ ማጉያዎቹን ሰጠኝ፤ ክር ተጠምጥሞባቸዋል። ሰካኋቸውና ይሠሩ እንደሆነ ለማየት ከማሽኑ ላይ እንደተሰካ የቀረውን የስመኝን ፍላሽ ከፈትሁ። ያው ነጭ ስክሪን መጣ። ልዘጋው ስል ነፋስ ተሰማኝ። የደጋ ነፋስ ነው፤ ሣር እያስተኛ የሚሄደው ዓይነት። ከነፋሱ በስተጀርባ ከግራ በኩል፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ወንድ በአውንጊ ይጣራል። ቁልፉን ወደ ግራ ስጫን የእግር ኮቴ ተሰማና ድምፁ በትንሹ ቀረበ። ወደ ቀኝ ስሄድ ቀጠነ። ነጩ ነገር ጭጋግ ነው። የሚታይ ነገር የሌለው ጭጋጉ ስለሸፈነው ነው። ወደ ፊት ስገፋ ከእግሬ ሥር ውኃ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ቸኩዬ አልፌው ስክሪኑ ጠቆረ። ለካ ያን ጊዜ ስሞት የነበረው ውኃው ውስጥ እየገባሁ ነው።

ይርሳው መቀሱን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አውንጊ የእናቱ ቋንቋ ነው። "ስመኝ ነው የሚለው" አለኝ። "ስመኝ፣ የት ገባሽ ይላል። በጣም ተቆጥቷል ሰውዬው። ተደብቀሽ ነው አይደል፣ ቆይ አገኝሻለሁ ነው የሚላት።" ጥቂት አዳመጠና መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "ይኼማ ዘፈን አይደለም። ሰው ልጁን ሲጠራ በጾምም ይጠራል" አለ።  ዕውር ያልሁት ሠሪ ለዕውር አባቷ ነበር የሠራችው። በከተማው ውስጥ ያን ጨዋታ መጫወት የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ።

በዚያው ዕለት የተከራየችበትን ቤት ጠይቄ ሄድሁ። ደብተር እያረመች ነበር፤ ተቀመጡ አለችኝ፣ ጨዋ ናት። ይቅርታ ለማለት ሄጄ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን ክስ ነበር።

"የሚሰማ ነገር እንደሆነ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር" አልኋት።

"ማዳመጫውን አብሬ ሰጥቼዎት ነበር።"

"ጾም ነበር እኮ ልጄ።"

"ጾምማ ነበር" አለችኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችው። "ጋሼ፣ ሌሎቹንስ? የዝናቡን፣ የዶሮዋን። ድምፃቸውን ሰምተው ነው የፈረዱባቸው?"

ወደ ደብተሮቹ አየሁ።  ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንደሯ ሐይቅ በላይ ጭጋግ ያዛት፤ አባቷ ያን ጊዜ ያያሉ፣ ግን በዚያ ጭጋግ ማን ምን ያያል? ድምፃቸውን ተከትላ ነው ቤት የገባች። በጨዋታው ውስጥ የምትሄደውም ያቺው ልጅ ናት። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ አስቀምጣ፣ "ያን ቀን እንዳደረግኸው አድርገህ ጥራኝ" ብላ በስልኳ ቀረጸቻቸው። ቀኑን አልረሱትም ነበር፤ እስከ ቁጣው ድረስ። "ዳንግላ አይመጣም ከእንግዲህ" አለችኝ። "ጋሪውና ሚኒባሱ ወገቡን ጎድተውታል። ኮምፒውተሩ ሲጠገን እመጣለሁ ይላል፤ አይመጣም።"

"እኛ እንሂድላቸዋ" አልኋት።

በሳምንቱ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ጭኜ እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ጥሊሊ በሚያልፍ ሚኒባስ ከእሷ ጋር ሄድሁ። ስክሪኑን ትቼው ነበር፤ ማን ሊያየው? ጥርባ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር የአክስቷ ሻይ ቤት መብራት ስላለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተከልነው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር አይተው ተንሾካሾኩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እላቸው ነበር። አባቷን ይዛ መጣች። አስቀመጠቻቸውና ጣታቸውን በአራቱ ቀስቶች ላይ አንድ በአንድ አኖረችላቸው።

"የኮምፒውተሩ ጌታ አንተ ነህ?" አሉኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው።

"አዎ አባቴ።"

"ተጠገነልህ?"

"ተጠገነ" አልኋቸው። ምኑ ተበላሽቶ እንደነበር መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም። ስመኝም አላጋለጠችኝም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ነፋሱ ተነሣ። የገዛ ድምፃቸው ከሩቅ ሲጠራ ሽማግሌው ደነገጡና ጣታቸውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ራሳቸውን እንደ ወፍ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ውኃው ሲሰማቸው እኔ የገባሁበት አልገቡም፤ "ሐይቁ ነው" ብለው ወደ ኋላ ተመለሱና በዳሩ ዞሩ።  ጥሪው ቀረበ፣ ቁጣውም አብሮ ቀረበ፣ በመጨረሻ ልክ ጆሯችን ሥር ሆኖ አንድ ጊዜ ጠራና በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ተሰማ፤ ነፋሱ ቆመ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ከቁልፉ አላነሡም። 

"እንዲህ ርቀሽ ነበር እንዴ?" አሏት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል። "እኔ እኮ ቅርብ ሆነሽ የተደበቅሽ መስሎኝ ነው። ያን ሁሉ የተቆጣሁሽ ለዚያ ነው። እንዲህ ርቀሽ ነበር እንዴ ልጄ?"

ስመኝ ከጎናቸው በርከክ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"መጣሁ እኮ አባዬ" አለቻቸው።